አቤት ብሎ የሚሄድ ለቀስተኛ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለወይኒ
አሶሳ

ሰላምታ ከሁሉ ይቀድማል ብለው አስተምረውናል፤ ይኸው አስቀድሜዋለሁ፣ ተቀበዪኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ ጦቢያም ደህና ናት፤ ባሏ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ የመድኃኒት ብልቃጡ ሁሉ ሳይቀር እየተነበበላት ተሰላችታለች እንጂ ሌላ ችግር የለባትም። እናቷ እማማ ቡዜ ጉልበታቸውን ያማርራሉ፤ ምግባቸውን ግን አይተዉም። እናትሽም ደህና ናት።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ደብዳቤውን ማን ነው የሚጽፍልዎት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አየሽ ድፍረት! የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ኡራኤል አጠገብ የስንቱን መኪና ጎማ በፈታሁበት እጄ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አንደኛም ወጥቻለሁ። አስተማሪያችን «እዚህ ደረጃ አይወጣም» ብላናለች፣ እኔ ግን የሁሉንም ደብተር አጮልቄ አይቻለሁ። ስልክ ይሻላል አትበዪኝ፤ ከአሶሳ የሚመጣው ድምፅሽ ግማሹ ነፋስ ነው። ደግሞስ በስንት መከራ ያጠራቀምኩትን ፊደል ምን ላድርገው?

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። የእድራችን የለውጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመርጫለሁ! በሙሉ ድምፅ። ማለቴ፣ እጁን ያላወጣ ሰው ነበር፣ ግን እንቅልፍ ይዞት ነው።

ጸሐፊያችንን አቶ አስመላሽን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ጡረታ የወጡት፣ ከረባት የማይለያቸው ሰውዬ። መሥሪያ ቤታቸው ቢፒአር የሚሉትን ለውጥ ሲያመጣ ከፊት ነበርኩ ይላሉ። አሁን ደግሞ «እድሩም መለወጥ አለበት» ብለው ተነሡ። እውነታቸውን ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይወጠር ነበር አግዳሚው የሚሞላው። አሁን ከቀብር መልስ እጅ ይታጠቡና ይበተናሉ፤ ሠልስቱ ሳይደርስ ሐዘንተኛው ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጦ ይቀራል። እንዲህ ያለ እድር ድንኳን አከራይ ነው እንጂ እድር ነው?

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ስም ጥሪ! ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ስም ይጠራል፤ የሌለ ይቀጣል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ከእድሩ ይሰረዛል፤ በቃ። መዝገቡን የምይዘው እኔ፣ የምጠራው እኔ፣ የምጽፈው እኔ። የሰፈሩ ሰው ስም ሁሉ በእጄ ጽሑፍ ተደርድሮ ብታዪው ደስ ይልሻል።

«እናቴ ምን አለች?» ትዪ ይሆናል። እናትሽ እንደምታውቂው የሴቶቹ ኃላፊ ናት፤ እሷ ሳትል ንፍሮ ከድስት አይወጣም። እስካሁን አልነገርኳትም። የወንዶቹ ጉዳይ ነው ብዬ ነው።

ሥልጠና ገባሁ ያልሽውን፣ ያን ሁሉን ነገር ከነግንኙነቱ ማየት የሚባለውን፣ እስቲ ጻፊልኝ። ለእኛ ብዙም አያስፈልገንም፣ ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትሽ ገለታ
(ፊርማው የራሴ ነው)


ቂርቆስ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወይኒዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የኛን ሰላም ከጠየቅሽ ሰላም ነን፤ ሰላም የነሣኝ እድሩ ነው።

አዎ፣ ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ ሰው ይመጣል። እንዴት ያለ አመጣጥ መሰለሽ! ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ መግቢያ ሰዓት እንኳ እንዲህ አይታይም። ዘነበን ታውቂዋለሽ፣ ጡሩንባ ነፊያችንን፤ እሱ በጎን ቆሞ ጸጥታ ያስከብርልኛል፣ እኔ እጠራለሁ፣ ሰዉ «አቤት!» ይላል። ካለ በኋላ ግን ይሄዳል። ለሐዘንተኛው «እግዚአብሔር ያጥናህ» ማለቱን ረስቶ ለእኔ እጁን አንሥቶ አሳይቶኝ ይሄዳል! ሸምሰዲን፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን፣ ምን አለኝ መሰለሽ? «ገለታ፣ ድሮ ሟቹን ነበር የምንሸኘው፤ አሁን አንተን ሰላም ብለን ነው የምንመለሰው።»

ዝም ብዬ አላየሁም። ከሰዓት በኋላም ጥሪ ጨመርኩ። እንግዲህ በሁለቱ ጥሪ መካከል የሰፈሩ ካፌ ሁሉ በለቀስተኛ ሞላ፤ ድንኳኑ ባዶ፣ ማኪያቶው ሥራ በዝቶበት! ዘነበን በር ላይ አቆምኩት፤ እንዳይወጡ። ወዲያው አንዱ ሊወጣ፣ ዘነበ ሊይዘው፣ ኮቱ ተቀደደ። ገላጋይ ሲጠፋ ሐዘንተኛው ራሱ ተነሥቶ አስታረቃቸው። ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው! በጣም ነው ያፈርኩት፤ ማለቴ፣ ለዘነበ ነው ያፈርኩለት።

ሌላም ጠይቀሽኛል፤ ቤታቸው ፈርሶ ከካዛንቺስ የተነሡት አባሎቻችን የት ገቡ ብለሽ። ዳር ከተማ ነዋ! ጠዋት ጥሪ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይጋፋሉ። ሲደርሱ ጥሪው አልቋል። መዘግየታቸው ካልቀረ አንዳንዶቹ መምጣቱን ጭራሽ ተዉት፤ ብመጣም ባልመጣም ያው ቅጣት ነው ይላሉ። አቶ አስመላሽ «ደንብ ርቀት አያውቅም» አሉ። እኔም ጥሩ አባባል መስሎኝ በመዝገቡ አናት ላይ ጻፍኩት።

ሴቶቹንም በጥሪው አስገብተናቸዋል፤ እኩልነት ነው ተባለ። እናትሽ ግን ማዕድ ቤት ሆና በንፍሮ ጉዳይ ትጨቀጭቀኛለች። ለጥሪው ሕዝብ ብላ ስትሠራ የሚበላ ጠፍቶ ይተርፋል፤ አሳንሳ ስትሠራ የከሰዓቱ ጥሪ ተርቦ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ማማሰያውን ይዛ ወጣችና «አንተ ሰውዬ፣ ለይተህ ንገረኝ፤ የማበላው የሚጠራውን ነው ወይስ የሚቀመጠውን?» አለችኝ። «የሚጠራውን» አልኳት። አየችኝ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

ሰላምታ ያልላከችልሽ ሥራ በዝቶባት ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ገለታ


አሶሳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለጋሼ ገለታ፣

እንደምን ከረሙ? የእጅ ጽሑፍዎን አይቼ ኮራሁ፤ የጻፉትን አይቼ ራሴን ያዝኩ።

ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ሌላ ደንብ አይጨምሩ! ሰው ቶሎ ሄደ፣ ጥሪ አመጣችሁ። ለጥሪ መጥቶ ሄደ፣ ጥሪውን ሁለት አደረጋችሁ። በመሃል ወጣ፣ በር ላይ ዘበኛ አቆማችሁ። የሚቀጥለው ምንድን ነው፣ አግዳሚው ላይ ማሰር?

«እኛን አትናቂን» እንዳይሉኝ የራሴን ቢሮ ላውራልዎት። ባለጉዳይ ይጉላላል ተብሎ እያንዳንዱ ጉዳይ የሚያልቅበት ሰዓት ተወሰነ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ነው። እኛ ምን አደረግን? የጎደለ ሰነድ መፈለግ ጀመርን። «አንድ ፎቶ ይጎድላል፣ ነገ ይምጡ።» ሪፖርታችን አማረ፤ ባለጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ ተመላለሰ። ይመኑኝ፣ ከመካከላችን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ፈልጎ መቅጣት ቀላል ነው። ከባዱ አሠራሩ ደህናውን ሰው ምን እያስደረገው እንደሆነ ማየት ነው። ሥልጠናው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በእርስዎ ሙያ ልናገር። የፊት ጎማው ባንድ በኩል ብቻ እየተበላ የሚያስቸግረው መኪና ሲመጣ ጎማውን ይቆጡታል? አዲስ ቢያስሩለትም ያው ይበላዋል። የጎማዎቹን አሰላለፍ፣ አላይመንቱን አሳይ ይሉታል እንጂ።

ስለዚህ ወረቀት ይውሰዱ። አንድ ጥግ ላይ «ሰው ቶሎ ይሄዳል» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ቀስት ስበው ያደረጋችሁትን፣ ካደረጋችሁት ቀስት ስበው ያስከተለውን። ቀስቱ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ጥግ ከመጣ መድኃኒት ያላችሁት ነገር በሽታውን እያበላው ነው ማለት ነው። የሚመለከተው ሰው ሁሉ ሥዕሉ ውስጥ ይግባ። ማንም አይቅር።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። እናቴ ለመስቀል ሰላምታ ልካልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም። እርስዎ ሁልጊዜ «ደህና ናት» ብቻ ይሉኛል፣ ቶሎ ብለው ወደ እድሩ ይዞራሉ። ጋሼ፣ ምንድን ነው የማልሰማው?

ወይኒ


ቂርቆስ
ጥር 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወይኒዬ፣

ጎማ ለእኔ! እስቲ አሁን ጎማ ለእኔ ይነገራል? ቢሆንም ተቀብያለሁ።

ሥዕሉን ሠራሁ፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ያረጀ ካላንደር ጀርባ ላይ። ሰው ቶሎ ይሄዳል፣ ጥሪ ይመጣል፤ ጥሪ ሲመጣ መገኘት ማለት «አቤት» ማለት ይሆናል፤ «አቤት» ያለ ሰው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል፤ የከፈለ ሰው ይሄዳል። ቀስቱ ዞሮ መጣልሽ! ቅጂውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። ይህን የሚሠራ ሰው ቂርቆስ ውስጥ ሁለተኛ የለም። ለአቶ አስመላሽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና «ጥሩ ነው፤ ማኅተም ይደረግበትና ፋይል ይግባ» አሉኝ። ከእኚህ ሰው ጋር ነው እንግዲህ የምሠራው!

እናትሽ ተሰርዛለች።

ይኸው ጻፍኩት። ስንት ወረቀት ቀድጄ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ።

እትዬ የሺሃረግ ባሏ ሞተ። ድንኳኑ ተነሣ፣ አግዳሚው ተመለሰ፣ ሰዉ ወደ ኑሮው ሄደ። የሺሃረግ ግን እህል አልቀምስ አለች። እናትሽ አብራት ተቀመጠች፤ እዚያው እያደረች፣ እያጎረሰቻት። በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ በኩል ለቅሶ በለቅሶ ላይ ተደራረበ። በየድንኳኑ ጥሪ ነበር። ሙሉነሽ! የለችም። ሙሉነሽ! የለችም። ለቅሶ ቤት ሆና ከለቅሶ ቀረች ተባለች። ሦስተኛው ላይ ደንቡ የታወቀ ነው።

በጠቅላላ ጉባኤው የተሰረዙትን ስም የማነበው እኔ ነበርኩ። ስሟ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አቶ አስመላሽ «ይቀጥሉ» አሉኝ። «ደንብ እህትና ወንድም አያውቅም» አልኩና ቀጠልኩ። አሁን ስጽፈው ይቀፈኛል፣ ያኔ ግን ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ከሴቶቹ መካከል ተነሣችና፣ «ገለታ፣ እስቲ ድገመው። ጥሩ ታነባለህ» አለችኝ። ደገምኩት፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ ትይዩ በር! ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ባልዲዋን ገና ሳይሞላ አንሥታ ትገባለች። ሳይሞላ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደንቡን አላወጣሁትም፣ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ደግሞ ተመርጦ ነው። እንደው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይሄ ሥልጠናሽ አይናገርም?

ገለታ


አሶሳ
የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ ገለታ፣

ሰላምታዬ ለጦቢያና ለእማማ ቡዜ ይድረስ። ለእርስዎ ዛሬ የለኝም፤ ሲበርድልኝ እልካለሁ።

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ሸምሰዲን ሱቅ ደውዬ እናቴን አስጠራኋት። ሳቀችብኝ። «ምን ያስለቅስሻል፣ ከሥራ ነው እንዴ የተባረርኩት? አረፍኩ በያ» አለችኝ። ንፍሮ ከመቀቀል ተገላገልኩ አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። እርስዎ እንደሚሉት ነፋሱ መስሎኝ ነበር። «ወይኒ፣ አንቺ አሶሳ ነሽ። እኔ ጊዜዬ ሲደርስ ማነው ድንኳን የሚተክልልኝ?» አለች። ወዲያው የሸምሰዲን ደንበኛ መጣ ብላ ዘጋችው።

ድፍን ቂርቆስን የቀበረች ሴት ናት። አባቴን ስንቀብር ድንኳኑ ሞልቶ ደጅ የተቀመጠው ሰው ለማን ብሎ እንደመጣ እርስዎም ያውቃሉ። አሁን የምትፈራው እሷን የሚቀብር እንዳይጠፋ ነው። ይህ ፍርሃቷ ከመነሣቱ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም፤ ሥዕሉም ሥልጠናውም ገደል ይግባ።

ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የላኩልኝን ሥዕል ደጋግሜ አየሁት። ለቀስተኛው አለ። ሐዘንተኛው አለ። ዘነበ በሩ ላይ አለ፤ ኮቱ የተቀደደው ሰውዬ ሳይቀር ተስሏል። ጠሪው የለም። መዝገቡን ይዞ መሃል የቆመው ሰው የት ሄደ? የምጠራው እኔ፣ የምጽፈው እኔ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ጋሼ፣ ያ መዝገብ ለእድሩ እንዲህ ያስፈለገ አይመስለኝም። ያስፈለገው ለእርስዎ ነው። ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ የሚጽፉት ነገር ፈለጉ፣ የሰው ስም አገኙ። ደስታዎ ይገባኛል፤ እውነቴን ነው። ግን ጥሪው በተሻለ ቁጥር መቀመጡ እየጠፋ ሲመጣ ያላዩት ለዚህ ነው። ለእርስዎማ ጥሪው አልከሸፈም፣ በየቀኑ ያምራል!

እኔም ቢሮዬ ውስጥ ስለዚያ የጎደለ ፎቶ ስናገር «እነሱ» እያልኩ ነበር። አሠልጣኙ «ፎቶ ያስመጣሽው ስንቱን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው «እኛ» ማለት የጀመርኩት።

የይቅርታ ማመልከቻ ጻፊ እንዳይሏት፤ አደራ።

ወይኒ


ቂርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወይኒ፣

ለአንድ ሰሞን ላልጽፍልሽ ወስኜ ነበር። «ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ» ያልሽው በጣም ነው ያናደደኝ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። እውነት መሆኑ አላበረደልኝም።

«ሄደው አነጋገሯት ወይ?» ላልሽው፣ እኔ ልሂድ? በሩን ብትዘጋብኝስ? ሽማግሌ ላክሁ፤ ሸምሰዲንን እና አቶ አስመላሽን። አቶ አስመላሽን መላኬ ስህተት ነበር፤ ቦርሳ ይዘው ሄዱ። እናትሽ ጥሩ አድርጋ ተቀበለቻቸው፣ ምሳ አበላቻቸው። ከዚያ ሸምሰዲን፣ «እትዬ ሙሉ፣ የእርስዎ ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ታይቶ ይመለሳሉ» ሲላት፣ «በልዩ ሁኔታ ማለት ወንድሜ ሰብሳቢ ስለሆነ ማለት ነው?» አለች። «እንደዚያ ሳይሆን…» ሊል ሲጀምር፣ «ለእኔ ብቻ የተከፈተ በር ከሆነ አልገባም። ያቺ ሁለት ታክሲ ተጋፍታ ከጥሪ የምትቀረው ሴትዮስ? የሺሃረግስ? ገና የባሏ አርባ ሳይወጣ ቀረሽ ብላችሁ ሰርዛችኋታል!» አለች። የሺሃረግንም ሰርዘናት ኖሯል ለካ! እኔ ነኝ የሰረዝኳት፤ ስም ብቻ ነበር የማየው።

አቶ አስመላሽ ከዚያ ወጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ተሰራዦች ስለበዙ የተሰራዦች ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም።» ጎማ መፍቻዬን ይዤ ነበር፤ እግዜር ነው ያወጣቸው!

በመጪው ስብሰባ ጥሪው ይቅር ልበል? ልል አስባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እፈራለሁ። ጥሪው ሲቀር ጭራሽ የሚመጣ ቢጠፋስ? አሁን «አቤት» የሚለው እንኳ አለ። ልምዱ ከጠፋ በኋላ ዝም ብሎ ተመለስ ቢሉት ይመለሳል? ይህን አሠልጣኝሽን ጠይቂልኝ። ሰው ከቅጣት በቀር መምጫ ምክንያት እንዲረሳ አድርገነዋል፤ አሁን ቅጣቱን ባነሣ ምን ይቀረዋል?

እማማ ቡዜ ሰሞኑን ምግብ እየተዉ ነው። ጦቢያ ተጨንቃለች። እናትሽ እኔ ሱቅ ስሆን እየመጣች ታያቸዋለች፤ ስመለስ ወንበሩ ሞቆ አገኘዋለሁ፣ እሷ የለችም።

ገለታ


ቂርቆስ
ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወይኒ፣

እማማ ቡዜ ዐረፉ። ነፍስ ይማር። ቀብራቸው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። በስልክ ያልነገርንሽ ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን እያለቀሰች አትምጣ ብላ እናትሽ ስለከለከለች ነው። አትቆጪ። ብትቆጪም እሷን ነው።

ድንኳኑ እኛው ግቢ ተተከለ። ከቀብር ማግስት ጠዋት ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ። እኔ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ዘነበ መዝገቡን ይዞ መጣና መሃል ላይ ቆመ፤ በእኔ ቦታ። ጠራ፣ ጠራ፣ «ገለታ!» አለ። «አቤት!» አልኩ። ሙቺ ወይኒ፣ አልኩ! በገዛ ለቅሶዬ ላይ መገኘቴን አረጋገጥኩ። ዘነበም ምልክት አደረገብኝ። ያኔ ማንም አልሳቀም፤ ሸምሰዲን ብቻ አንገቱን ደፋ።

ጥሪው ሲያልቅ ሰዉ ብድግ አለ። አንዱ እያለፈ እጁን አነሣልኝ፤ ልማድ ሆኖበት መሰለኝ፣ ለጠሪው ያነሣው ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ጦቢያ ከነጠላዋ ሥር ቀና ብላ ዙሪያዋን አየችና «ሰዉ የት ሄደ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አቤት ብለው ሄዱ ልበላት? እናቷን የቀበረች ሴት ናት። «ይመጣሉ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ረጅም አግዳሚ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እናትሽ ገባች። ከኋላዋ የሺሃረግ። ከኋላቸው ከካዛንቺስ ተነሥተው ዳር ከተማ የገቡት፣ በሁለት ታክሲ፣ አቧራቸውን እንደያዙ። ሁሉም የተሰረዙ። የሚጠራቸው የለም፣ የሚቀጣቸው የለም፣ ቢቀሩ የሚጠይቃቸው የለም። በአጠገቤ አለፉና ጦቢያን ከበው ተቀመጡ። እናትሽ ስለ እማማ ቡዜ ማውራት ጀመረች፤ ጉልበታቸውን ሲያማርሩ እንዴት እንደነበር፣ ምግብ ሲቀርብ ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚረሱት። ጦቢያ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ በደንብ ስታለቅስ ያኔ ነው። እኔም… በቃ፣ ዝርዝሩን ተዪው።

ቆየት ብሎ «ገለታ» የሚል ሰማሁ።
«አቤት!» አልኩ።
«ስም እየጠራሁ አይደለም» አለች እናትሽ። «ተነሥና ፊትህን ታጠብ። አስቀያሚ ሆነሃል።»

ከጥር ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ሄጄ ታጠብኩ።

በሠልስቱ ጠዋት ዘነበ መዝገቡን ሲገልጥ ከእጁ ተቀበልኩትና አጣጥፌ ሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት። «ዛሬ ጥሪ የለም» አልኩ። አቶ አስመላሽ «ደንቡስ?» አሉ። «ደንቡ ላይ ተቀምጬበታለሁ» አልኳቸው። ውሸት አልነግርሽም፤ አብዛኛው ሰው እዚያው ተነሥቶ ሄደ። ተነሥቼ ልጥራ እንዴ ብዬ ሁሉ ነበር። የቀሩት ደግሞ መቼ መሄድ እንደሚቻል ምልክት የሚሰጣቸው ሲያጡ እርስ በርስ ተያዩ። ሸምሰዲን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ተቀመጠ። ሌላው ሲያየው አፈረና ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት መድረስ የማይችሉት ሩቅ ያሉት መጡ፤ እስኪመሽ አልተንቀሳቀሱም። ሲታይ ጥቂት ሰው ነው። ጦቢያ ግን ደግማ ሰዉ የት ሄደ አላለችኝም።

ስለ ጠቅላላ ጉባኤው ጠይቀሻል። ጭቅጭቅ ነበር፤ ጉሮሮዬ እስካሁን አልተመለሰም። ጥሪው ለሙከራ ይቁም ተባለ። የተሰረዙት ሁሉ ባንድ ላይ ይመለሱ ተባለ። ከሩቅ የሚመጡት ጠዋት አይጠየቁም፤ ማን መቼ ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚቀመጥ በየአካባቢያቸው ተነጋግረው ይከፋፈሉታል። አቶ አስመላሽ ታዲያ «የተቀመጠውን ማን ይቆጣጠራል? የተቀማጮች መከታተያ ያስፈልጋል» ብለው እንደገና ተነሡልሽ! ሴቶቹ በሳቅ አስቀመጧቸው። ለጊዜው ነው፤ ሰውዬውን አውቃቸዋለሁ። ይዞ ይቆይ፣ ደግሞ ይፍረስ፣ አላውቅም። የሰብሳቢነቱን ነገር አስረክቤያለሁ። ማለቴ፣ ተረከቡኝ።

አሁን እናትሽ ከጎኔ ተቀምጣለች። ጻፍልኝ ብላ። እኔ ራሴ ልጨምርበት ስል እያየችኝ ነው፤ ማንበብ ባትችልም እንዴት እንደምታውቅብኝ እንጃ። ያለችውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ይኸው፦

«ልጄ ወይኒ፣ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ደህና ናት ሲልሽ የነበረው ውሸት ነበር፣ አሁን ግን እውነት ነው። ወደ እድሩ ተመልሻለሁ። ይቅር ብዬው እንዳይመስልሽ። (ይህን አልጽፍም ስላት «ጻፍ!» አለችኝ።) ይቅርታውን ገና እያሰብኩበት ነው። የተመለስኩት ለቅሶ ቤት ሰው ስላነሰ ነው። አንቺም ቢሮሽ ለሚመጣው ሰው ወንበር ስጪው፤ የጎደለውን ፎቶ ደግሞ ዝም ብለሽ እለፊው። ጋሼ ገለታ ጦቢያ ሳታየው ደህና አድርጎ አልቅሷል። አሁን ይህን ሲጽፍም…»

የቀረውን አልጽፍም። ደብዳቤው የእኔ ነው፣ እስክሪብቶውም የእኔ ነው!

ገለታ እና ሙሉነሽ